«ማን ነኝ?» አትበሏት

የዘንድሮ ፋሲካ ዕለት ነው። ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለችው ቤታችን ሰው ሞልቷል። ድፎው ተቆርሷል፣ ዶሮው ቀርቧል፣ ቄጤማው ተጎዝጉዟል። እማዬ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። በሩ ተንኳኳና ለዓመታት ያላየነው አንድ ዘመዳችን ገባ። እማዬን ሲያይ ፊቱ በራ። ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሳመ። ከዚያ ፊቱን ፊቷ ላይ ደቅኖ ጠየቃት።

«እትዬ፣ ማን ነኝ?»

ቤቱ ጸጥ አለ። እማዬ ፈገግ ብላ አየችው። ፈገግታዋ እንዳለ ነው፤ ዓይኖቿ ግን መንከራተት ጀመሩ። መጀመሪያ እሱን አየች፣ ከዚያ ግድግዳውን፣ ከዚያ እኔን።

«ረሱኝ እንዴ? እስቲ ይሞክሩ! አዝለው ጊዮርጊስ ይወስዱኝ አልነበር?»

እጇን አየሁት። የነጠላዋን ጥለት ጭምድድ አድርጋ ይዛዋለች።

«እንዴት እረሳለሁ! የኛ ልጅ አይደለህ?» አለችው።

ሁሉም ሳቀ። «አየህ፣ አልረሳችህም!» ተባለ። እሱም ደስ ብሎት ተቀመጠ። ሰውየው ክፋት የለበትም፤ ናፍቆት ነው ያናገረው። እማዬ ግን ከዚያ በኋላ እህል አልቀመሰችም። ማታ ሳስተኛት እጄን ይዛ «ያ ልጅ ማን ነበር? ተቀየመኝ መሰለኝ» አለችኝ። ጠዋት ስትነሳ ልጁንም ፋሲካውንም ረስታዋለች። ፊቷ ግን እንደከፋው ነበር። ለምን እንደከፋት አታውቅም፣ ብቻ ከፍቷታል።

ነገሩ ይጠፋል፣ ስሜቱ ይቀራል። እማዬን በያዛት የመርሳት በሽታ ላይ የሚሠሩ ባለሙያዎች ይህን ያውቁታል፤ እኔ እቤቴ ነው ያየሁት። ያሳፈራትን ሰው ትረሳለች። ማፈሯ ግን አብሯት ያድራል። ይህን ለመጻፍ የተነሳሁትም ለዚህ ነው። የመርሳት በሽታ ያለበት ሰው ልትጠይቁ ስትሄዱ፣ እባካችሁ «ማን ነኝ?» አትበሉ።

እማዬ 78 ዓመቷ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ልብስ ስትሰፋ ኖራለች። ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ፣ በራችን ላይ ሲንጀሯን አስቀምጣ ስንቱን አልብሳለች። ለሠርግ ያሳመረችው አለ፣ ለለቅሶ ጥቁር የሰፋችለት አለ፣ በየዓመቱ መስከረም ላይ ዩኒፎርም የምታደርስለት የሰፈር ልጅም አለ። ደንበኛዋን በስሙ፣ በወገቡ ልክና በእናቱ ስም ታውቀዋለች። እንዲህ ያለች ሴት ስም ስትረሳ ወዲያው የምናውቅ ይመስለኝ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ አላወቅንም።

ያላወቅነው ስለደበቀችን ነው። የደበቀችን ደግሞ በአማርኛ ነው። አማርኛ ለረሳ ሰው ደግ ቋንቋ ነው። የሰው ስም ሳይጠሩ ቀኑን ሙሉ መጫወት ይቻላል። የኔ እመቤት፣ ጌታዬ፣ ልጄ፣ አንቺዬ፣ የኔ ዓለም። ሰላምታችንም እንደዚሁ ነው። «እንዴት ነሽ? ደህና ነሽ? ልጆች ደህና ናቸው? ቤት ሰላም ነው?» ይባላል። መልሱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። ይህን ሁሉ ለማለት ፊት ለፊት የቆመው ሰው ማን እንደሆነ ማወቅ አያስፈልግም። እማዬ ሰላምታውን አንድም ሳታዛንፍ ታዘንበዋለች። ጎረቤት ሲሄድ «እንዴት ያለች ሰው አክባሪ ናት!» ይላል። እኛም ከዕድሜ ጋር አንደበቷ የጣፈጠ መስሎን ነበር። ድሮ በስማችን እየጠራች ትቆጣን የነበረች ሴት ሁላችንንም «የኔ እመቤት» እና «ጌታዬ» ማለት ስትጀምር ደስ ብሎን ነበር። ስማችን እየጠፋባት እንደሆነ ያሰበ አልነበረም።

የሆነ ነገር እንዳለ የገባኝ በ2014 ነው። አገባቡ ግን ዛሬም ያሳፍረኛል።

የወርቅ ቀለበቷ ጠፋ። አባቴ የሰጣት ነው። እማዬ ፊቷ ተለዋውጦ የቤት ሠራተኛችንን «አንቺ ነሽ የወሰድሽው» አለቻት። ልጅቷ አለቀሰች፣ ማለች፣ ማተቧን ይዛ ተገዘተች። እማዬ በሕይወቷ ሰው በሐሰት ከሳ አታውቅም። ስለዚህ አመንኳት። ልጅቷን ደመወዟን ሰጥቼ ሸኘኋት። ፌስታሏን ይዛ ቁልቁለቱን ስትወርድ ዞራ እንኳ አላየችኝም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ቀለበቱን በርበሬ ቆርቆሮ ውስጥ አገኘሁት፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ። እማዬ ራሷ ናት የደበቀችው፤ ከሌባ ልታድነው። ልጅቷን ፈለግኳት። ስልኳ አይሠራም። ያመጣት ደላላም አያውቅም። አሁንም ታክሲ ውስጥ እሷን የምትመስል ልጅ ሳይ ልቤ ይደነግጣል።

«ሰረቁኝ» ማለት በዚህ በሽታ ከሚታዩት የተለመዱ ምልክቶች አንዱ መሆኑን በኋላ ነው የሰማሁት። ሰውየው ዕቃውን ያስቀምጣል፣ ማስቀመጡን ይረሳል፣ ዕቃው የለም። የቀረው ማብራሪያ አንድ ብቻ ነው፤ ሌባ ገብቷል። አእምሮው ክፍተቱን ባለው ነገር ይሞላዋል። በየቤቱ ስንት ሠራተኛ በዚህ ምክንያት ስሟ ጠፍቶ እንደወጣች ሳስበው ይጨንቀኛል። ሽማግሌ ወይም አሮጊት ያለበት ቤት ዕቃ ሲጠፋ፣ ከፍርዱ በፊት ቆርቆሮው ይፈተሽ።

ሐኪም ዘንድ ሄድን። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ትዕግሥተኛ። ሦስት ቃላት ነገራትና ቆይቶ ጠየቃት። አንዱንም አላገኘችውም። ሰዓት ሳይልኝ አለና ወረቀት ሰጣት። ክቡን አሳምራ ሣለችው፤ ቁጥሮቹ ግን ሁሉም በአንድ ወገን ተከመሩ። ክብ ጨርቅ በዓይኗ ለክታ የምትቆርጥ ሴት! ወረቀቱን ላለማየት ጫማዬን አየሁ።

ከዚያ «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» አላት።

«ማርያም ትናንት አለፈች። ነገ ጊዮርጊስ ነው» አለች።

ሐኪሙ ቆም አለ። ስልኩን አየ። ሃያ ሁለት ነው። ልክ ናት! ደስታዬን መቆጣጠር አቃተኝ። ከዚያ ዓመተ ምሕረቱን ጠየቃት። «1977» አለች፣ ምንም ሳታመነታ።

ስለዚያ ቀን ብዙ አስቤያለሁ። ቀን ስንት ነው የሚለው ጥያቄ ቀኑን በቁጥር ለሚቆጥር ሰው የተሠራ ነው። እማዬ ወሩን የምታውቀው በልደታ፣ በአቦ፣ በሚካኤል፣ በገብርኤል ነው። ሐኪሙ ያን ዕለት መልሷን በልክነት ያዘላት። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ባዶ ያስገባባት ይሆናል። እነዚህ መመዘኛዎች በብዛት የተሠሩት ትምህርት ቤት ለገባ ሰው ነው። እኛ አገር እርሳስ ይዘው የማያውቁ እናቶች ስንት ናቸው? ሰዓት ሳይልኝ የተባለች፣ ግን በሕይወቷ አንድ መስመር አስምራ የማታውቅ እናት በምን ልትለካ ነው? ስለዚህ ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ እናታችሁ ድሮ ምን ትችል እንደነበር ንገሩት። ወጥ በጨው ብዛት ማበላሸት ጀምራ እንደሆነ፣ የዕቁብ ሒሳብ ይምታታባት እንደሆነ፣ የምታውቀው መንገድ ይጠፋት እንደሆነ። ለሐኪሙ ከሰዓቱ ሥዕል ያላነሰ ይጠቅመዋል።

ደምም ተመረመረች፤ የራስ ሲቲ ስካንም ተነሳች። ይህን ለብቻው ማንሳት እፈልጋለሁ። የሚረሳ ሰው ሁሉ አልዛይመር የለበትም። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ያስረሳል። የታይሮይድ ዕጢ መድከም ያስረሳል። ድባቴ ያስረሳል። ወድቆ ራሱን የተመታ ሽማግሌ ጭንቅላቱ ውስጥ ቀስ ብሎ ደም ሊቋጥር ይችላል፤ እሱም ያስረሳል። እነዚህ ሊታከሙ የሚችሉ ናቸው። «እርጅና ነው» ብለን ቤት ካስቀመጥናቸው ግን አይታከሙም። እኛ ሁለት ዓመት «እርጅና ነው» ብለናል። «ጃጅታለች» ያሉም ነበሩ። ይህን ቃል እጠላዋለሁ። ሰውን በአንድ ቃል ከሰው ተራ ያስወጣዋል፤ ከዚያ በኋላ የምትናገረውን የሚሰማ የለም። እማዬ ጆሮዋ ደክሞ እንደነበር እንኳ በዚያ ቃል ምክንያት ቆይተን ነው ያወቅነው። አትሰማም ነበር፤ እኛ አልገባት አለ ብለን ዝም አልናት። የመስማት ችግርና የደም ግፊት ሳይታከሙ መቅረታቸው ለዚህ በሽታ የሚያጋልጡ ነገሮች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2024 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው የባለሙያዎች ኮሚሽን 14 እንዲህ ያሉ አጋላጭ ነገሮችን ዘርዝሮ፣ እነሱን መከላከል ቢቻል ከመርሳት በሽታ 45 በመቶ ያህሉን ማስቀረት ወይም ማዘግየት ይቻል ነበር ብሏል። እማዬ ግፊት አለባት። ኪኒኗን «ደህና ነኝ» ስትል ታቆመው ነበር። ማናችንም አልተቆጣናትም።

የእሷ አልዛይመር ነው ተባልን። ከመርሳት በሽታዎች ትልቁን ድርሻ፣ ከመቶ 60 እስከ 70 የሚሆነውን የሚይዘው እሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ሰዎች የመርሳት በሽታ ነበረባቸው። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እንደኛ ባሉ፣ ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆኑ አገሮች የሚኖሩ ናቸው። የሀብታም አገር በሽታ ይመስለኝ ነበር፤ አይደለም።

ሐኪሙ አንጎል ውስጥ ሂፖካምፐስ ስለሚባል ትንሽ ክፍል ነገረኝ። አዲስ ነገር ትውስታ ሆኖ እንዲቀመጥ የሚያደርገው እሱ ነው። አልዛይመር ብዙ ጊዜ ከዚያ አካባቢ ይጀምራል። ፕሮቲኖች ያለቦታቸው ይጠራቀማሉ፣ የነርቭ ሴሎች ይሞታሉ። እኔ ነገሩ የገባኝ ግን በኋላ፣ ቤት ሆኜ እንጀራ ስጋግር ነው። መብራት ሄደ። ሊጡ ምጣዱ ላይ ፈስሷል፣ ምጣዱ ግን በርዷል። ዓይን አላወጣም፣ እንጀራ አልሆነም። ቀድሞ የተጋገረው ግን መሶቡ ውስጥ አለ። እማዬም እንዲሁ ናት። ዛሬ የነገርኳት ይፈሳል፣ አይጋገርም። የ1977ቱ እንጀራ መሶቡ ውስጥ አለ። ስለዚህ «አሁን ነግሬሽ አልነበር?» ማለት ምንም አይጠቅማትም። ነግሬያት ነበር። አልበሰለም።

መሶቡም ቢሆን ውሎ አድሮ ይጎድላል። ከላይ ከላይ ነው የሚጀምረው። መጀመሪያ የልጅ ልጆቿ ስም ጠፋ። ከዚያ የአባቴ መሞት ጠፋ። በየቀኑ «የት ሄደ?» ትለኝ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እውነቱን ነገርኳት። በየቀኑ እንደ አዲስ መርዶ ሆነባት፤ በየቀኑ ነጠላዋን አዘቅዝቃ አለቀሰች። ከሳምንት በኋላ ተውኩት። አሁን «ምነው ናፈቀሽ?» እላታለሁ። ስለሱ ታወራልኛለች። ዋሸሽ የሚሉኝ አሉ። ሰውን በየቀኑ መርዶ ማርዳት ከውሸት የከፋ መስሎ ይሰማኛል።

አንድ ታሪክ አነበብኩ፣ አልረሳውም። እ.ኤ.አ. በ1901 ጀርመን ውስጥ፣ ፍራንክፈርት ከተማ፣ አሎይስ አልዛይመር የሚባል ሐኪም አውጉስተ ዴተር የምትባል የ51 ዓመት ሴት ፊት ይቀመጣል። ስምሽ ማን ነው ይላታል። አውጉስተ። የቤተሰብሽ ስምስ? አውጉስተ። የባልሽ ስምስ? አውጉስተ መሰለኝ። ስምሽን ጻፊ ሲላት አልቻለችም። «ራሴን አጥቻለሁ» አለች። ከአምስት ዓመት በኋላ ሞተች። አልዛይመር አንጎሏን መርምሮ በዚያው በ1906 ለሙያ ባልደረቦቹ አቀረበ። በኋላ በሽታው በእሱ ስም ተጠራ። እንግዲህ የዚህ በሽታ ታሪክ ራሱ የጀመረው በስም ጥያቄ ነው። ሐኪሙ ይጠይቅ፣ ሥራው ነው። እኛ ለምን እንፈትናለን?

ወንድሜ ቶሮንቶ ነው የሚኖረው። በየእሑዱ በቪዲዮ ይደውላል። ስልኩ እንደተከፈተ «እማዬ፣ ማን ነኝ? ስሜን ጥሪው» ይላት ነበር። እሷ ስልኩን ታያለች፣ እኔን ታያለች፣ ከዚያ «ደከመኝ» ትላለች። እሱም ከዘጋ በኋላ ለብቻው እንደሚያለቅስ አውቃለሁ። አንድ ቀን ለመንኩት። አትጠይቃት፣ ንገራት አልኩት። አሁን ሲደውል «እማዬ፣ ታናሹ ልጅሽ ነኝ። ከካናዳ ነው የምደውልልሽ። ናፍቀሽኝ ነው» ይላታል። ይህችው ናት ለውጧ። እማዬ ትከሻዋ ሲወርድ በዓይኔ አያለሁ። «አንተ! በላህ ወይ?» ትለዋለች። ስሙን አንድም ቀን አልጠራችውም። በላህ ወይ ግን ብላዋለች።

መድኃኒት ጀመረች። ዶኔፔዚል ይባላል። የሚያድን እንዳልሆነ ቀድሞ ተነግሮናል። ለተወሰኑ ወራት ትንሽ የተረጋጋች መሰለኝ። አክስቴ ደግሞ ጠበል አለች። እንጦጦ ማርያም ወሰድናት። ገና ሳይነጋ፣ በዚያ ብርድ፣ እማዬ ውዳሴ ማርያምን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቃሏ ደገመችው። አንድ ቃል አልዘለለችም። እኔ መጽሐፉን ይዤ ተሳሳትኩ። ከጠበሉ ስትመለስ ፊቷ የበራ ነበር። ስለዚህ ጠበል አትውሰዱ የሚለኝን አልሰማም። ኪኒኑን አቋርጡ፣ መንፈስ ነው፣ እሰሯት የሚለውንም እንዲሁ። እማዬን ማንም አያስራትም።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልረሳ። ባለፈው ክረምት አንድ ሌሊት እማዬ ፍጹም ሌላ ሰው ሆነች። የሌለ ሰው ታያለች፣ ትጮሃለች፣ ታንቀላፋለች። በሽታው ገፋ ብለን ተላቀስን። ጠዋት ሐኪም ዘንድ ስትደርስ የሽንት ኢንፌክሽን ተገኘባት። በአንቲባዮቲክ በሳምንት ውስጥ ወደ ነበረችበት ተመለሰች። የመርሳት በሽታ በአንድ ሌሊት እንዲህ አይገለብጥም። በድንገት የተለወጠ አዛውንት ካለ ሌላ ነገር አሞታል ማለት ነው፤ ሳይውል ሳያድር ይታከም።

ወደ ቤት ነገር ልምጣ። እማዬን ልደታ ያመጣኋት በ2015 ነው፣ ብቻዋን መኖር ሲያቅታት። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ትነሳለች። ነጠላዋን ትለብሳለች። «በሉ መሽቷል፣ ቤቴ ልሂድ። እናቴ ትቆጣኛለች» ትላለች። በመጀመሪያ እከራከራት ነበር። ቤትሽ እኮ ይሄ ነው፣ እናትሽ እኮ ሞታለች። በሩን ስቆልፍባት በጡጫ ትመታዋለች። አንድ ቀን ሳልቆልፍ ወጣች። ሜክሲኮ ድረስ በእግሯ ሄዳ፣ ረዳቱ «ፒያሳ! ፒያሳ!» ሲል ሰምታ ታክሲ ውስጥ ገባች። ከስድስት ሰዓት ፍለጋ በኋላ አራዳ ጊዮርጊስ በር ላይ ነው የተገኘችው። አንድ ሊስትሮ ልጅ ሻይ ገዝቶላት አብሯት ተቀምጧል። ጃንጥላውን ለእሷ ይዞላት እሱን ፀሐይ ይመታዋል። ስሙን ጠይቄው አልነገረኝም። በማግስቱ ስልኬን ትንሽ ብረት ላይ አስቀርጬ ማተቧ ላይ ከመስቀሏ ጋር አሰርኩላት። ወረቀት ኪስ ውስጥ ብታስቀምጡ ያወጡታል፤ ማተባቸውን ግን አይበጥሱም።

አሁን «ቤቴ ልሂድ» ስትል «እሺ፣ ልሸኝሽ» እላታለሁ። ደረጃውን እንወርዳለን። ግቢውን ሁለት ጊዜ እንዞራለን። ከዚያ ሽቅብ እንወጣና በሩን ከፍቼ «ደረስን» እላታለሁ። ብዙውን ጊዜ «ተመስገን» ብላ ትገባለች።

በ2016 ዶሮ ማነቂያ ፈረሰ። ሰፈርተኛው ወደየዳር አገሩ ተበተነ። ለእማዬ አልነገርኳትም። ዓምና በአንዱ ጊዮርጊስ ቀን ግን ፒያሳ ወሰድኳት። ምን ፈልጌ እንደወሰድኳት ዛሬም በትክክል አላውቅም። ምናልባት እኔ ናፍቄ ይሆናል። ቤታችን የነበረበት አካባቢ ደረስን። ሰፊ መንገድ ነው፣ አዲስ ንጣፍ፣ የመንገድ መብራት። እማዬ ግራ ቀኝ አየች። እኔም ግራ ቀኝ አየሁ። በራችን የት ጋ እንደነበረ እኔም ላገኘው አልቻልኩም። ሲንጀሯ የነበረበትን ቦታ፣ ዳቦ ቤቱን፣ ቁልቁለቷን ፈለግኩ። ከጎናችን አንድ ሽማግሌ ሰውዬ በከዘራቸው መሬቱን እየነኩ «እዚህ ጋ ነበር፣ አይ እዚያ ጋ» ይላሉ፣ ለብቻቸው። ያን ቀን ሦስታችንም ጠፍተን ነበር። እማዬ ቀድማ የቤተ ክርስቲያኑን ጉልላት አየች። አማተበች። «ጊዮርጊስ አለ» አለችኝ፣ እኔን ለማጽናናት ይመስል።

አሁንም ቡና ታፈላለች። እኔ እሳቱን እጠብቃለሁ፣ ሌላውን እጇ ያውቀዋል። ታጥባለች፣ ትቆላለች፣ ጢሱን ለየሰዉ ታስሸትታለች። ሲኒውን ሞልታ ለጎረቤት ትሰጥና «አቦል ነው» ትላለች። ሁለተኛው ሲቀርብ «አቦል ነው»። ሦስተኛው ውሃ ውሃ ሲልም «አቦል ነው»። ጎረቤቶቻችን አንድም ቀን አላረሟትም። በረካውን እንደ አቦል አመስግነው ይጠጡታል። እነዚህ ሴቶች ስለ አልዛይመር ያነበቡት ነገር የለም። ከእነሱ የተማርኩት ግን ካነበብኩት ሁሉ ይበልጣል።

የምፈራው ቀን የመጣው ባለፈው ወር ነው። ከሥራ ገባሁ። እማዬ ብቻዋን ሳሎን ተቀምጣለች። ስታየኝ ከወንበሯ ከፍ አለች፣ ነጠላዋን አስተካከለች።

«ይግቡ፣ ይቀመጡ» አለችኝ።

እናቴ በሕይወቴ ሙሉ «አንቺ» ብላኛለች። በፍቅርም በቁጣም አንቺ ናት። «ይቀመጡ» አለችኝ። በአንዲት ቃል ከልጅነት ወደ እንግድነት ወጣሁ። እግሬ ተንቀጠቀጠ። አፌ ላይ የመጣውን አውቀዋለሁ። «እማዬ፣ እኔ እኮ ነኝ! ማን ነኝ?» ልላት ነበር። ያን የፋሲካ ዕለት የተያዘ ጥለት አስታወስኩ።

«እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ተቀመጥኩ።

«ልጄ አሁን ትመጣለች» አለችኝ። «ሥራ ትውላለች። ብዙ ትደክማለች። ለእኔ ብላ ነው እንጂ እሷስ የራሷ ሕይወት ነበራት። ለእሷ አልነግራትም፣ ትኮራብኛለች። ግን እንደሷ ያለ ልጅ የለም።»

ይህን ለእኔ ነግራኝ አታውቅም። እናቶቻችን ልጅን ፊት ለፊት አያመሰግኑም። ለእንግዳ ነው የሚነግሩት፣ ልጁ ሲወጣ። እኔ ወጥቼ ነበር። ስለዚህ ሰማሁት።

«መቼ ነው የምትመጣው?» አልኳት፣ ድምፄ እንዳይሰበር እየታገልኩ።

«አሁን ነው። እስከዚያ ይጫወቱ።»

ተጫወትን። መሸ። እጇን ዘርግታ የኮቴን እጅጌ ያዘች። በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሐል አድርጋ ጨርቁን አሻሸችው፣ ድሮ የደንበኛ ጨርቅ እንደምታየው። ገለበጠችው። የውስጡን ስፌት ወደ ዓይኗ አስጠግታ አየች። ኮቱን ዩኒቨርሲቲ ስጨርስ እሷ ናት የሰፋችልኝ።

«ስፌቱ ደህና ነው። ማን ሰፋልዎት?»

«እናቴ ናት።»

ስፌቱን አንድ ጊዜ ደግማ በጣቷ ዳሰሰችው።

«እጇ ይባረክ» አለች።

«አሜን» አልኳት።